ሊንዳ ማን ናት? የኬንያ የጤና መድን፣ ስሞቹ እና የእኛ ኪስ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመንግሥት የጤና ፕሮግራም ስም የሚወጣው ግን ከሚኒስቴር ነው፤ መንግሥት ሲቀየር ደግሞ ስሙም አብሮ ይቀየራል። እኛ በሞያሌና በናይሮቢ መካከል የምንመላለስ ነጋዴዎች በኬንያ ምድር የሰማናቸውን ብቻ እንቁጠር፦ ኤንኤችአይኤፍ፣ ሊንዳ ማማ፣ አፍያ ኬር፣ ሺፍ፣ ሻ፣ ታይፋ ኬር፣ ሊንዳ ጃሚ። ሰባት ስም ነው። የትኛው እንደቀረ፣ የትኛው እንዳለ፣ የትኛው የማን ቅጥያ እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚነግራችሁ ሰው ካገኛችሁ እጁን ይዛችሁ ወደ ሱቃችን አምጡት፤ ቡናው በእኛ ነው።

ስዋሂሊ ገና ያልለመዱ እህቶቻችን "ሊንዳ" ሲባል የአንድ ባለሥልጣን ሚስት ወይም ፈረንጅ በጎ አድራጊ መስላቸው ነበር። ሊንዳ ሰው አይደለችም። በስዋሂሊ "ጠብቅ" ማለት ነው። ሊንዳ ማማ "እናትን ጠብቅ"፣ ሊንዳ ጃሚ "ቤተሰብን ጠብቅ" መሆኑ ነው። "አፍያ" የምትለዋን ግን የወሎና የሐረር ልጆች ያለ አስተርጓሚ ገብታቸዋለች፤ "አፊያ ናችሁ?" እየተባባሉ ያደጉ ናቸውና። "ታይፋ" ሀገር፣ ሕዝብ ነው። ቃላቱ ያምራሉ፣ ይህን አንክድም።

ይህን የምንጽፈው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን የምንጠራው በፈረንጅ ነው) ኬንያ ውስጥ ሰው በጤና መድን የማይከራከርበት ቦታ የለም። ማታቱ ውስጥ፣ ኢስሊ ፎቆች ላይ፣ ኢሲኦሎ ሻይ ስንጠጣ ወሬው ይኸው ነው። የመንግሥት ሰዎች "ጤና ለሁሉም" ይሉታል። ተቃዋሚዎች "ሌላ ግብር" ይሉታል። ሁለቱም ወገን ስም ሲያወጣ ይውላል፤ እኛን የሚያሳስበን ደግሞ ማን ስንት፣ መቼ እንደሚከፍል፣ ሲታመምም ምን እንደሚያገኝ ነው። ሸቀጥ የምትሸጥ ሴት የጆንያውን ጽሑፍ አንብባ አትገዛም። እጇን ከታ እህሉን ታያለች።

እንግዲህ እጃችንን እንክተት።

ኤንኤችአይኤፍ የሚባለው ብሔራዊ የሆስፒታል መድን ፈንድ የተቋቋመው በ1966 ነው። መጀመሪያ የደሞዝተኛ ነበር፤ እንደ እኛ በግሉ የሚሠራውን በፈቃዱ ያስገባው ቆይቶ ነው። በ2004 የጤና ሚኒስትሯ ቻሪቲ ንጊሉ ኬንያዊውን ሁሉ የሚያቅፍ የጤና መድን ሕግ በፓርላማ አሳልፈው ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኪባኪ አልፈረሙበትም፣ ወጪው ከባድ ነው ተብሎ ቀረ። በ2013 የኡሁሩ ኬንያታ መንግሥት በመንግሥት ጤና ተቋማት ወሊድን ነፃ አደረገ፤ ኋላ ወደ ኤንኤችአይኤፍ ተዛውሮ ሊንዳ ማማ የተባለው እሱ ነው። በዲሴምበር 2018 ደግሞ አፍያ ኬር ኪሱሙ ላይ በድምቀት ተመርቆ በአራት ካውንቲዎች ለሙከራ ተጀመረ፦ ኪሱሙ፣ ማቻኮስ፣ ኒየሪ እና ኢሲኦሎ። ኢሲኦሎ የእኛ መንገድ ናት። የኢሲኦሎ ነዋሪ ካርዱን ይዞ በመንግሥት ሆስፒታል ሳይከፍል ሲታከም፣ መኪናው ወደ ሰሜን ገፍቶ ማርሳቢት ሲገባ ያ ካርድ ወረቀት ነበር። ያ መንግሥት ሲሄድ አፍያ ኬር የሚለው ስምም አብሮ ተጠቀለለ።

ዊሊያም ሩቶ በ2022 ምርጫ የዘመቱት በማማ ምቦጋ፣ በአትክልት ሻጯ ስም ነበር። በኦክቶበር 19 ቀን 2023 አራት የጤና ሕጎች ፈረሙ። ኤንኤችአይኤፍ ፈረሰ፤ በቦታው የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን፣ ሰው "ሻ" የሚለው፣ ተተከለ። ሻ ሦስት ኪስ አለው። አንደኛው ለቀበሌ ደረጃ ላለው ክሊኒክና ጤና ጣቢያ ነው። ሁለተኛው ሺፍ የሚባለው፣ መዋጯችን የሚገባበት፣ የሆስፒታሉ ነው። ሦስተኛው ለድንገተኛ፣ ለሥር የሰደደና ለከባድ ሕመም ነው። በጁላይ 2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕዝቡ በበቂ አልተጠየቀበትም ብሎ ከአራቱ ሦስቱን ሕጎች ውድቅ አደረገ፤ በሴፕቴምበር የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አገደ፤ ኦክቶበር 1 ሥራው ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ "ታይፋ ኬር" የሚል አዲስ ስም ተለጠፈበት። ስለዚህ ሻ መሥሪያ ቤቱ፣ ሺፍ ካዝናው፣ ታይፋ ኬር ማስታወቂያው ነው ብላችሁ ያዙት። ሌላ ትርጉም አትፈልጉ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። በድሮው በግሉ የሚሠራ ሰው ለቤተሰቡ በወር 500 ሽልንግ ይከፍል ነበር፤ በዓመት 6,000። በአዲሱ ሕግ መዋጮው የገቢ 2.75 በመቶ ነው፤ ትንሹ በወር 300፣ በዓመት 3,600። በወር 18,200 ሽልንግ ገደማ ከምታገኝ ሴት በታች ያለ ሁሉ ከድሮው ያነሰ ይከፍላል፣ ከዚያ በላይ ያለው የበለጠ ይከፍላል። 20,000 ብታገኙ በዓመት 6,600፣ 30,000 ብታገኙ 9,900፣ 40,000 ብታገኙ 13,200 ነው። ድሮ ከፍተኛ ደሞዝተኛ ከ1,700 በላይ አይቆረጥበትም ነበር፤ አሁን ጣሪያው ተነስቷል፣ የ100,000 ደሞዝተኛ 2,750 ይከፍላል። በእኛ አስተያየት ይህ ክፍል ትክክል ነው። ያለው ለሌለው ይክፈል፤ እድራችን ውስጥ ባይሠራም ቤተ ዘመድ ውስጥ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የኖርነው። ይህን ሁለት መስመር ሂሳብ ግን በአንድም የመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አላየንም። ያየነው የሳቁ ሰዎች ፎቶና ስሙን ነው።

ችግሩ ያለው "ገቢ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ደሞዝተኛ ገቢው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የእኛ ማን ይጽፈዋል? ሻ በግሉ ለሚሠራው ሰው ጥያቄ ይጠይቃል፦ ቤትህ ግድግዳው ምንድን ነው፣ ውኃ ከየት ትቀዳለህ፣ ከብት አለህ ወይ፣ እያለ ከመልሱ ገቢውን ይገምታል። በንግድ ዲፕሎማችን መጀመሪያ የተማርነው ነገር ሽያጭ ገቢ እንዳልሆነ ነው። አንዲት እህት ጓዳዋ ውስጥ የ200,000 ሽልንግ ጫማ በቦንዳ ተደርድሮ ይሆናል። ጫማው በዱቤ የመጣ ነው፣ ግማሹ የእቁብ ገንዘብ ነው፣ ብር ሲወርድ ደግሞ ትርፉ መንገድ ላይ ይቀልጣል። ቤቷ ሸክላ ስለሆነ ሀብታም ናት? ባሏ ያሠራላት ከሃያ ዓመት በፊት ነው። አንዱ ወር ሦስት ጊዜ ትወጣለች፣ ሌላው ወር መንገድ ይዘጋና ቁጭ ትላለች። የዓመት ገቢዋን እሷም አታውቀው፤ የስልክ ጥያቄ እንዴት ያውቀዋል?

የተገመተውም መዋጮ የተጠየቀው የዓመቱ ባንዴ ነበር። በማማ ምቦጋ ስም የወጣ ሕግ ማማ ምቦጋን በአንድ ቀን 6,600 አምጪ ሲላት ማንም ማስታወቂያ ሠሪ ሊያሳምረው አይችልም። በ2025 "ሊፓ ሻ ፖሌ ፖሌ" መጣ፤ "ሻን ቀስ በቀስ ክፈል" ማለት ነው፤ መዋጮውን በብድር ሸፍኖ በትንሽ በትንሽ መመለስ ነው። መልካም ነው፣ ቢዘገይም። ከሁሉም ስም የወደድነው ይህን ነው፤ ምን እንደሆነ ስሙ ራሱ ይናገራልና።

ከዚህ የባሰው ግራ መጋባት "ተመዝግቤያለሁ" እና "ከፍያለሁ" በሚሉት መካከል ያለው ነው። መንግሥት ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ ብሎ በየመድረኩ አስታውቋል። *147# ደውሎ መመዝገብ ነፃ ነው። የተመዘገበ ሰው በክሊኒክና በጤና ጣቢያ ደረጃ ሳይከፍል እንዲታከም ታስቧል። ሆስፒታል ለመተኛት፣ ለቀዶ ሕክምና ግን የሺፍ መዋጮ የተከፈለ መሆን አለበት። በማስታወቂያው ሁለቱ አንድ ላይ ተደባልቀው "ታይፋ ኬር ለሁሉም" ተብለዋል። ከእቁባችን አባላት አንዷ፣ ኬንያዊት ናት፣ መመዝገቧን የሚያበስረውን የስልክ መልእክት እንደ ደረሰኝ አስቀምጣ ነበር። መንገድ ላይ ሆዷን ቆርጧት አንድ ሆስፒታል ገባች፤ ትርፍ አንጀት ነው ተባለ። ስልኩን ስታሳይ የመዝገብ ቤቷ ልጅ "ማማ፣ ይሄ መመዝገብሽን ነው የሚለው፣ መክፈልሽን አይልም" አለቻት። ማታ ስልኮቻችን መንጫጫት ጀመሩ። ኤምፔሳ ከአስራ አንድ ሰው ተሰብስቦ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ገባች፤ አሁን ደህና ናት። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ያን ሌሊት እንዲህ አሉ፦ "እኔ ይሄን ታይፋ የሚሉትን አላውቅም ልጆቼ። እኔ የማውቀው ያው የድሮውን ነው፤ ሰው ሲወድቅ ሰው ያነሳዋል።"

እውነታቸውን ነው፤ ግን አስራ አንድ ሰው ያላት ሁሉ አይደለችም። ኬንያ ውስጥ የሆስፒታል ሂሳብ ያልከፈለን በሽተኛ ማገት የተለመደ ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2015 ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈርዷል። ከፍርዱ በኋላም መታወቂያ አስይዘው፣ ስልክ አስይዘው የወጡ ሰዎች ከመካከላችን አሉ።

ስለ ሊንዳ ማማ ረዘም አድርገን መናገር እንፈልጋለን፤ ስም እንዴት እንደሚያታልል ከዚህ በላይ ማሳያ የለም። ሊንዳ ማማ ሲሠራ ነፍሰ ጡር ሴት መዋጮ ሳትከፍል ትመዘገብና ትወልድ ነበር፤ ወጪው የመንግሥት ነበር። ጉድለት ነበረበት፤ ሆስፒታሎች ክፍያው አነሰ፣ ዘገየ እያሉ ያማርሩ ነበር። ቢሆንም በር ላይ "ከፍለሻል ወይ?" የሚል ጥያቄ አልነበረም። በሻ ዘመን ስሙ ሊንዳ ጃሚ ሆነ፤ ከእናት ወደ ቤተሰብ ሰፋ ተብሎ ተነገረ። ለሆስፒታሉ የሚከፈለውም ጨመረ፦ ለምጥ ወሊድ 10,000 ሽልንግ፣ ለቀዶ ሕክምና ወሊድ 30,000። ይህ ለሆስፒታሉ ደህና ዜና ነው። በሩ ላይ ግን አዲስ ዘበኛ ቆመ፤ ሆስፒታል ለመውለድ የቤተሰቡ የዓመት መዋጮ የተከፈለ መሆን አለበት። ስሙ ከአንድ ሰው ወደ ቤተሰብ አደገ፣ በሩ ጠበበ። ነፃ የነበረን ነገር ነፃነቱን አንስተናል ብሎ በግልጽ የተናገረ ባለሥልጣን አልሰማንም። ስሙን ቀየርነው ነው ያሉት።

ስም መቀየር ሌላም ጥቅም አለው፤ ለባለዕዳ። ሱቁን ዘግቶ በአዲስ ታርጋ ማዶ የሚከፍት ነጋዴ ሁላችንም እናውቃለን። ኤንኤችአይኤፍ ሲፈርስ ለሆስፒታሎች ወደ 30 ቢሊዮን ሽልንግ የሚጠጋ ዕዳ ጥሎ ነው የሄደው። የግል ሆስፒታሎች ማኅበራት ሥራ እናቆማለን እስከማለት ደርሰዋል፤ በማርች 2025 ፕሬዚዳንቱ 10 ሚሊዮንና ከዚያ በታች የሚጠይቁት በሙሉ ይከፈላቸው፣ ከዚያ በላይ ያለው ይጣራ አሉ። ዕዳው ሲከራከሩበት የሚሰቃየው ማን ነው? "ሻ አንቀበልም፣ ድሮውንም አልከፈላችሁን" የሚባለው በሽተኛ ነው። በዚያው ወር የሀገሪቱ ዋና ኦዲተር፣ 104.8 ቢሊዮን ሽልንግ የሚያወጣው የሻ የዲጂታል ሥርዓት የመንግሥት ንብረት እንዳልሆነ በሪፖርታቸው አወጡ። ሚዛኑ የገዢም የሻጭም ካልሆነ የማን ነው ብለን ብንጠይቅ አይፈረድብንም።

ይህን ሁሉ ስንል ከ"ሌላ ግብር" ባዮቹ ጋር አልተሰለፍንም። እነሱም ስም ያወጣሉ። በ2024 ወጣቱ በግብር ሕግ ምክንያት አደባባይ ከወጣ ወዲህ ኬንያ ውስጥ አንድን ነገር ለመግደል "ግብር" ማለት ይበቃል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም ይህን ያውቁታል። ባራክ ኦባማ በማርች 2010 የፈረሙትን የጤና ሕግ ተቃዋሚዎቻቸው "ኦባማኬር" ብለው ሰየሙት፤ ለስድብ ነበር፣ ኋላ ኦባማም ወደዱት። በ2017 መጀመሪያ በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ሕጉና ኦባማኬር አንድ ነገር መሆናቸውን አንድ ሦስተኛው አሜሪካዊ በትክክል አያውቅም ነበር። ሰው ስሙን እየጠላ በጥቅሙ ይታከማል። ያን ያህል የተማረ ሀገር እንዲህ ከሆነ እኛ በሰባት ስም ብንደናገር ምን ይገርማል።

"ግብር ነው፣ በፈቃዳችን ይሁን" የሚለው ክርክር ለእኛ አይዋጥልንም። በፈቃድ የሆነው ተሞክሯል፤ ኤንኤችአይኤፍ ለነጋዴው በፈቃድ ነበር። ጤነኛው አይከፍልም፤ ያረገዘው፣ ኩላሊቱን ያመመው ብቻ መጥቶ ይከፍላል፤ ከዚያም ድኖ ያቆማል። አባቱ ጣር ላይ ሲሆን እድር ልግባ የሚል ሰው ብናስገባ እድሩ ስንት ወር ይቆያል? ለዚህ ነው እድሮቻችን መግቢያና የመቆያ ጊዜ ያላቸው። ሁሉም ካልገባበት መድን መድን አይሆንም። እንዲህ ተብሎ በቀላል ስዋሂሊ ቢነገር ሰው ይገባዋል፤ ማማ ምቦጋ ከእኛ እኩል የቻማ አባል ናት፣ መዋጮ ምን እንደሆነ ማንም አያስተምራትም። "ነፃ" ብሎ ጀምሮ ሆስፒታል በር ላይ ደረሰኝ መጠየቅ ግን ሰውን ከመድን ያሸሻል። በዚህ ከመካከላችን የማይስማሙ አሉ። "ሕዝብ የሚመዘገበው ነፃ ሲባል ነው፤ መጀመሪያ ይግባ፣ ኋላ ይለምዳል" ይላሉ። እኛ ደግሞ ደንበኛ አንዴ በዋጋ ከተታለለ ሁለተኛ እንደማይመለስ ከሃያ ዓመት ንግድ እናውቃለን።

ወደ ሀገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው ዛሬ ወደየገጠሩ የተስፋፋው። ስሙ ረጅምና ደረቅ ነው፤ ማንም ፖለቲከኛ ለፖስተር አይመርጠውም። ሰው "ደብተሩ" ይለዋል፣ "ደብተር አውጥተሻል?" ይባባላል፤ መክፈልም ማደስም እዚያ ቃል ውስጥ አለ። መዋጮው በቤተሰብ ይከፈላል፣ የደሃ ደሃ የተባለውን መንግሥት ይሸፍናል። "መድን" የሚለው ቃል ራሱ ደግሞ የሚያድን ማለት ነው፤ እኛ ግን "ኢንሹራንስ" ስንለው የአይሱዙ መኪና ይመስለናል። ጉድለቱ የመድኃኒት ነው፤ ደብተር ይዘሽ "ከውጭ ግዢ" መባል የታወቀ ቅሬታ ነው። ለደሞዝተኛው የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ደግሞ ከሠራተኛው 3፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ይላል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ደሞዜን አትንኩ ብሎ ስላጉረመረመ ከወጣ ከአስራ አምስት ዓመት በኋላም እንደታሰበው አልተጀመረም። ኬንያ ስም እየቀያየረች ትሠራለች፣ እኛ ስም ሳንቀይር እንጠብቃለን። የቱ ይሻላል ብትሉን፣ ደብተሩ ባለበት ወረዳ ገበሬው ከእኛ ነጋዴዎች የተሻለ መድን አለው ብለን እንመልሳለን።

የእኛ ነገር የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። የደብተሩ መድን ከወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ነው የሚሠራው፤ ያቤሎ የወጣ ደብተር ኢሲኦሎ አይታወቅም። የኬንያው ሕግ ደግሞ ከአስራ ሁለት ወር ላነሰ ጊዜ የሚገባ የውጭ ሰው የጉዞ ጤና መድን ይዞ ይግባ ይላል፤ ከዚያ በላይ የሚኖረው በውጭ ዜጋ ወይም በስደተኛ መታወቂያው ሻ መመዝገብ ይችላል። በወር ሁለቴ የምትሻገር ሴት የትኛዋ ናት? ቱሪስት አይደለችም፣ ነዋሪም አይደለችም። ግማሽ ዕድሜዋን ያሳለፈችው በሁለቱ መካከል ነው። ሞያሌ ላይ በ2020 የተመረቀው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ የጭነት ወረቀታችንን በአንድ ጣሪያ ሥር ያያል፤ ለቦሎቄ ጆንያችን የተሠራው ለምጣችን አልተሠራም። ሕመም ግን ቀረጥ ከፍሎ አይሻገርም፤ የታመመ ሰው ወደ ቀረበው፣ ሐኪም አለ ወደ ተባለው ወገን ይሄዳል፤ አንዳንዴ ወዲህ፣ አንዳንዴ ወዲያ። ገንዘቡም ከኪሱ ነው።

ጎረቤቶቻችንን ስናይም ነገሩ የጋራ ነው። የኡጋንዳ ፓርላማ በ2021 የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ አሳልፎ ፊርማ ሳያገኝ ቀረ። ታንዛንያ በ2023 የሁሉም አቀፍ ጤና መድን ሕግ አወጣች፤ እዚያ ያለው የድሮ ፈንድ ስሙ እንደ ኬንያው ኤንኤችአይኤፍ ነው፣ ስለዚህ አሩሻ የሚሄዱ እህቶች "ኤንኤችአይኤፍ ፈርሷል" ብለው እንዳይከራከሩ። ሩዋንዳ ግን ከሁሉ ቀድማ "ሙቱዌል" ባለችው መዋጮ ገፍታበታለች፤ ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፣ የመረዳዳት ማኅበር እንደማለት፤ ሰው ስሙን ለምዶታል።

እስከዚያው ሥራችንን እንሥራ። ኬንያ ነዋሪ የሆናችሁ ተመዝገቡ፣ ከዚያ *147# ደውላችሁ መዋጯችሁ መግባቱን አረጋግጡ፤ ግምቱ ከበዛባችሁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ፣ ዝም ብላችሁም አትተዉት፣ ይታይልን ብላችሁ ጠይቁ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሊንዳ ጃሚ ማለት ነፃ ማለት አይደለም፤ የቀን ቆጠራው ሳይደርስ ክፈሉ። ወዲያ ማዶ ቤተሰብ ያላችሁ የደብተሩ ማደሻ ወር እንዳያልፍባችሁ፤ ብዙ ቦታ ከአዝመራ በኋላ ነው።

ኬንያ በ2027 ምርጫ አለባት። ከመካከላችን ድምፅ የምትሰጡ አላችሁ፤ ድምፅ የሌለንም እጩዎቹ ሞያሌ ገበያ ሲመጡ ከሱቃችን በር ላይ ነው የሚቆሙት። ስምንተኛ ስም ይዘው ቢመጡ አንገረምም። ስሙን ነግረውን ሲጨርሱ ሦስት ነገር እንጠይቃቸው ብለን ተስማምተናል፦ የኤንኤችአይኤፍ ዕዳ አልቋል ወይ? መዋጮው በሽያጭ ነው በትርፍ? ከዚህ ሦስት መቶ ሜትር ወዲያ ያለው ሆስፒታል የሚወልዱ ሴቶች ሂሳብ በማን ነው?